«አንች እኮ አትረቢም»፦ ሰው ለራሱ ስለሚናገረው ክፉ ቃልና ስለ መተው የቀረቡ ጥያቄዎች

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ ከጎንደር የተላኩ ናቸው። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፤ ዕድሜያቸውም ኑሯቸውም ይለያያል። የጠየቁት ግን ስለ አንድ ነገር ይኸውም ሰው በልቡ ራሱን ስለሚዘልፍበት ቃልና ያ ቃል በአካልና በእንቅልፍ ላይ ስለሚያሳድረው ጭንቀት ስለሆነ አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ የጸሐፊዎቹን ማንነት የሚያመለክተውንም ሁሉ አውጥተናል።

ጥያቄ፦ በአንድ የገንዘብ ተቋም ገንዘብ ተቀባይና ከፋይ ሆኜ የምሠራ፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለፈው ዓመት በጥምቀት ሰሞን፣ ከተማው በእንግዳ ተጨናንቆ ሰልፉ ከበር አልፎ በተዘረጋበት ቀን፣ የአንድ ደንበኛን ገቢ ሁለት ጊዜ መዝግቤ የቀኑ ሒሳብ ጉድለት አሳየ። ስሕተቱ በማግሥቱ ጠዋት ተገኝቶ ተስተካከለ፤ ገንዘብም አልጠፋም፤ የተቆጣኝም የለም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከራሴ ጋር መታረቅ አቃተኝ። ብር ስቆጥርም፣ ወጥ ስሠራም፣ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬም «አንች እኮ አትረቢም፤ አንድ ቀን ጉድሽ ይወጣል» የሚል ቃል በልቤ ይመላለሳል። ሌሊት ባንኜ እነቃለሁ። ጠዋት መንጋጋዬን ስለሚያመኝ ወደ ጥርስ ሐኪም ብሄድ «በእንቅልፍሽ ጥርስሽን ታፋጫለሽ» አለኝ። ባለቤቴም እናቴም «ተይው፣ ጣል አድርጊው» ይሉኛል፤ መተው ብችል ኖሮ መቼ እጠላ ነበር? አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ በየጠዋቱ መስታወት ፊት ቆሜ «እኔ ጎበዝ ነኝ፤ እኔ ብርቱ ነኝ» እንድል መከረችኝ፤ ባደረግሁት ቁጥር ይብስ አዘንኩ። ለመሆኑ መተው የሚባለው ነገር ከምን ይጀምራል?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ «ተይው» የተባለው ምክር ያልሠራልዎ ብርታት ጎድሎዎት አይደለም። ሐሳብን በትእዛዝ ማባረር ለማንም እንደማይሳካ ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳንኤል ዌግነር ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት፣ ተሳታፊዎች ለ5 ደቂቃ ያህል ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ፣ ድቡ በሐሳባቸው ብቅ ባለ ቁጥር ግን ደወል እንዲደውሉ ተነገራቸው። ደወሉ ደጋግሞ ተደወለ። ቀጥሎም ስለ ድቡ እንዳሻቸው እንዲያስቡ ሲፈቀድላቸው፣ ቀድሞ ተከልክለው የነበሩት ሰዎች ከመጀመሪያው አንሥቶ ከተፈቀደላቸው ይልቅ አብዝተው አሰቡት። አእምሮ አንድን ሐሳብ ለመከልከል ሲነሣ ሐሳቡ መጥቶ እንደሆነ ዘወትር መፈተሽ ይኖርበታል፤ ፍተሻው ራሱ ደግሞ ሐሳቡን ይጠራዋል። እናትዎና ባለቤትዎ በፍቅር «ጣል አድርጊው» ሲሉዎት ሳያውቁት የሚያዙልዎ ይህንኑ ፍተሻ ነው።

ስለዚህ ከመተው በፊት የሚቀድመው መስማት ነው። ይህን ስል ቃሉን ማመን ይገባል ማለቴ ሳይሆን፣ ምን እንደሚል ለይቶ ማወቅ ይገባል ማለቴ ነው። በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በድባቴ የታመሙ ሰዎችን ሲያክም ያስተዋለው ነገር ነበር። ሕመምተኞቹ ጮክ ብለው ከሚነግሩት ታሪክ ጎን ለጎን ሌላ፣ አጭርና ፈጣን ንግግር በውስጣቸው ይሄድ ነበር። ያ ንግግር ሳይጠሩት ይመጣል፤ እንደ እውነት ይቆጠራል፤ ከፍጥነቱም የተነሣ ሰውየው የሚያስተውለው ቃሉን ሳይሆን ቃሉ ጥሎት የሄደውን ኀዘን ወይም ፍርሃት ነው። ቤክ የሥነ ልቦና ሕክምና መንገዱን የመሠረተው በዚህ ግኝት ላይ ነው፤ ዛሬም በብዙ አገር የሚሠራበት ሕክምና ከዚያ የመጣ ነው።

እርስዎ አንዱን ዓረፍተ ነገር ይዘውታል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን በቀን ውስጥ ሌሎችም እንደሚኖሩ እገምታለሁ። የሚያዙትም በስሜቱ በኩል ነው። ለምሳሌ ከመስኮትዎ ፊት ሰልፍ ቆሞ ሳለ የቅርብ አለቃዎ በስተኋላዎ ያልፋል፤ ኮምፒውተርዎን አየት አድርጎ ይሄዳል፤ ምንም አይልም። ትከሻዎ ወደ ጆሮዎ ከፍ ይላል፤ ሆድዎ ይጨበጣል። በዚያች ቅጽበት «አሁን ምን ተባልኩ?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። «አሁን ደግሞ ምን አጠፋሽ» ወይም «ዐወቀብሽ» የሚል ቃል አልፎ ይሆናል። አነስተኛ ደብተር ይያዙና ቃሉን እንደተባለው፣ ሳያለሰልሱ ይጻፉት። «ስለ ሥራዬ ተጨነቅሁ» ብለው አይጻፉ፤ ይህ ማጠቃለያ ነው፤ ማጠቃለያ ደግሞ አይመረመርም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ እርስዎ ከእኔ በተሻለ የሚያውቁት ሒሳብ የማስታረቅ ሥራ ነው። በአንድ በኩል የተባለው ቃል አለ፤ በሌላ በኩል በእርግጥ የሆነው ነገር አለ። የሆነው፣ ሰልፍ በበዛበት አንድ ቀን አንድ ገቢ ሁለት ጊዜ መመዝገቡ፣ በማግሥቱም ተገኝቶ መታረሙ ነው። «አትረቢም» ለሚለው ግን ደጋፊ ሰነድ የለም፤ አንድ ምዝገባ አንድን ሰው ሙሉ በሙሉ ሊያስመዝን አይችልም። «አንድ ቀን ጉድሽ ይወጣል» የሚለው ደግሞ ጭራሽ ስለ ሆነ ነገር አይናገርም፤ ትንቢት ነው። ሁለቱን ካስተያዩ በኋላ ከሥሩ ሦስተኛ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ይህም ራስዎን የሚያወድሱበት መሆን የለበትም፤ ጠላትዎ እንኳ ሊክደው የማይችለው ተራ እውነት ይሁን፦ «በተጨናነቀ ቀን አንድ ገቢ ሁለት ጊዜ መዘገብሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሰልፍ ሲበዛ ከማጽደቄ በፊት ቁጥሩን ደግሜ አያለሁ።»

የመስታወቱ ምክር ለምን እንዳሳዘነዎ ከዚህ ይታያል። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ጆአን ዉድና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች «እኔ የምወደድ ሰው ነኝ» የሚለውን ቃል ደጋግመው ሲሉ፣ ካላሉት ይልቅ ስሜታቸው እንደወረደ አሳይተዋል። ምክንያቱንም መገመት አያዳግትም፤ ያልታመነበት ውዳሴ በተነገረ ቁጥር ልብ የማፍረሻውን ማስረጃ መቁጠር ይጀምራል። ባልደረባዎ በቅን ልብ ነው የመከረችዎ፤ ምክሩ ግን ቀድሞውንም ለራሱ መልካም ግምት ላለው ሰው የሚስማማ ነው።

በደብዳቤዎ ውስጥ አንድ ሌላ ነገር ትኩረቴን ስቦታል። ድምፁ «እኔ አልረባም» አይልም፤ «አንች አትረቢም» ነው የሚለው። እንደ ሌላ ሰው ሆኖ ያነጋግርዎታል። ይህንኑ አነጋገር ወደ መልካም ማዞር ይቻላል። ኢታን ክሮስና ሌሎች ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ሥራ፣ በጭንቅ ሰዓት ራሳቸውን «እኔ» ከማለት ይልቅ በስማቸው እየጠሩ የሚያነጋግሩ ሰዎች ይበልጥ ተረጋግተው እንደሚያስቡ አሳይተዋል። ታናሽ እህትዎ ይህንኑ ስሕተት ሠርታ እያለቀሰች ብትመጣ «አትረቢም» ይሏት ነበር? «እታለም፣ ነይ እስቲ ቁጭ በይ፤ ምን እንደሆነ ንገሪኝ» እንደሚሏት አልጠራጠርም። ስምዎን ጠርተው ያንኑ ይበሉ፤ መጀመሪያ ላይ ቢያሳፍርዎትም ሰሚ የለምና አይጨነቁ።

ወደ መንጋጋዎ እንምጣ። ጥርስ ማፋጨት ብዙ ምክንያት አለው፤ ስለዚህ ሕመሙ ከውስጥ ንግግሩ ብቻ መጣ አልልም። ነገር ግን ሁለቱ የራቁ ጎረቤቶች አይደሉም። በቺካጎ ይሠራ የነበረው ሐኪም ኤድመንድ ጃኮብሰን የጡንቻዎችን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በመሣሪያ ሲለካ፣ ሰው ድምፅ ሳያወጣ በልቡ ብቻ ቃላት ሲያስብ በምላሱና በከንፈሩ ጡንቻዎች ላይ እጅግ አነስተኛ እንቅስቃሴ እንደሚታይ አግኝቷል። በልብ የሚነገረው ነገር ከአካል የተለየ አይደለም ማለት ነው። ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1929 ያሳተመው የማፍታታት ዘዴ ሰውን «ዘና በል» ብሎ አያዝም፤ አስቀድሞ እንዲወጥር፣ ቀጥሎ እንዲለቅቅ ያደርገዋል። የእርሱ ሥልጠና ወራት የሚወስድ ነበር፤ ዛሬ በየክሊኒኩ የሚሰጠው አጠር ያለው መልኩ ነው።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ስልክዎን ከክፍሉ አውጥተው፣ በጀርባዎ ይጋደሙ ወይም ደገፍ ብለው ይቀመጡ። ሁለቱን እጆችዎን ጠበቅ አድርገው ይጨብጡና ከ5 እስከ 7 ሰከንድ ያህል ይቆዩ፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይልቀቁት፤ እንደተለቀቀም ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይተዉት። በዚያች ግማሽ ደቂቃ የሚጠበቅብዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተወጥሮ በነበረውና በተለቀቀው መካከል ያለውን ልዩነት ማስተዋል። ቀጥሎ ክንድ፣ ከዚያ ግንባር፣ ከዚያ ዐይን እያሉ ይውረዱ። መንጋጋዎ ላይ ሲደርሱ ጥርስዎን አይንከሱ፤ ቀድሞውንም የደከመ ነውና ምላስዎን ብቻ ወደ ላንቃዎ ገፋ አድርገው ይያዙና ይልቀቁት፤ ከንፈርዎ ገጠም፣ ጥርሶችዎ ግን የማይነካኩ ይሁኑ፤ ምላስዎም በአፍዎ ውስጥ ፈታ ብሎ ይተኛ። ከዚያ ትከሻን ወደ ጆሮ ከፍ አድርጎ መልቀቅ፣ ሆድ፣ ጭን፣ ባት፣ የእግር ጣቶች ይከተላሉ። በጠቅላላው ከሩብ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ በሥራ ቦታም፣ አንዱ ደንበኛ ሄዶ ሌላው እስኪቀርብ ባለችው ጊዜ፣ ጥርሶችዎ ተነካክተው እንደሆነ መፈተሽና መልቀቅ ይችላሉ። ምላሱን የፈታ ሰው የውስጥ ዘለፋውም ጉልበት ሲያጣ አስተውሏል የሚሉ አሉ፤ ለሁሉም ባይሠራም ለእርስዎ መሞከሩ አይጎዳም። ለሌሊቱ መፋጨት ግን ሐኪምዎን ስለ ጥርስ መከላከያ ይጠይቁት።

ሌሊት ሲነቁ 20 ደቂቃ ያህል ቆይተው እንቅልፍ ካልወሰደዎ አልጋው ላይ አይታገሉ። ተነሥተው በደብዛዛ ብርሃን ቁጭ ይበሉ፤ የመጣውን ቃል በደብተሩ ላይ አስፍረው ምርመራውን ለነገ ያቆዩት፤ እንቅልፍዎ ሲመጣ ይመለሱ። ሌሊት ሒሳብ አይታረቅም።

እንግዲህ ለጥያቄዎ መልሱ ይህ ነው። መተው ማለት ከተፈጸመው ነገር የሚቀረውን ሥራ ይዞ ሌላውን ማራገፍ ነው። ከዚያ ቀን የሚቀርዎ ሥራ ቁጥሩን ደግሞ ማየት ነው፤ እርሱን እየሠሩ ነው። የቀረው ዘለፋ ለሥራዎ አንዳች አይጨምርም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ኀዘኑ ወይም ነገር ሁሉ ማስጠላቱ ከ2 ሳምንት በላይ በየቀኑ፣ ለአብዛኛው ቀን የሚቆይ ከሆነ፣ የምግብ ፍላጎትና ጉልበትም ካጡ፣ ይህ በደብተር ብቻ የሚመለስ አይደለም፤ ድባቴ ሕክምና ያለው በሽታ ነው። ቀድሞ የአእምሮ ሕክምና ሲባል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ይታሰብ ነበር፤ ዛሬ ግን እ.ኤ.አ. በ1954 በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ጠበል የሚጠመቁ ከሆነም ሁለቱ አይጣሉም፤ የታዘዘ መድኃኒት ግን ያለ ሐኪም ምክር አይቋረጥም። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ለመጣበት ሰው ደግሞ ቀጠሮ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በዚያው ሰዓት ለቅርብ ሰው ተናግሮ አብሮ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።

ጥያቄ፦ እዚህ ጎንደር የምማር የ3ኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አባቴ ደምቢያ ገበሬ ነው፤ ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የገባሁት እኔ ብቻ ነኝ። ፈተና ሲደርስ «ትወድቃለህ፤ የቤተሰብህን ተስፋ ትቀብራለህ» የሚል ሐሳብ ያስጨንቀኛል። በስልኬ ባየሁት ቪዲዮ መሠረት ዐይኔን ጨፍኜ በኃይል አየር እየሳብሁ ለመረጋጋት ሞከርሁ። ጭራሽ ራሴን አዞረኝ፤ ጣቶቼ ደነዘዙ፤ ልቤ ሊወጣ ደረሰ፤ የምሞት መሰለኝ። በፈተና ሰሞን ቡና አበዛለሁ፤ አንዳንዴም ከጓደኞቼ ጋር ጫት እቅማለሁ። መዝናናት የማይሆንለት ሰው ይኖራል እንዴ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የገጠመህ ነገር የሚያስፈራ ቢሆንም የሚታወቅ ነው። ሰው በኃይልና በፍጥነት ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደሙ ከመጠን በላይ ይወጣል፤ የደሙ ጠባይ በዚህ ምክንያት ሲለወጥ ራስ ያዞራል፤ ጣትና ከንፈር ይደነዝዛል፤ ደረትም ይጨንቃል። ያኔ «ልሞት ነው» የሚል ሐሳብ ሲጨመርበት ሰው ይበልጥ ይተነፍሳል፤ ይህም ሕመሙን ያብሰዋል። ስለዚህ አንተ ያልሆነልህ መዝናናት ሳይሆን፣ ያ የአተነፋፈስ ስልት ነው። ከዚህም ሌላ ለረጅም ጊዜ ተጠንቅቀው የኖሩ ሰዎች አካላቸው መላላት ሲጀምር ድንገት የሚደነግጡበት ጊዜ አለ፤ ባለሙያዎችም ይህን ያውቁታል፤ እብደት አይደለም።

የምትሞክረው እንዲህ ይሁን። ዐይንህን አትጨፍን፤ አየሩንም በኃይል አትሳብ። በአፍንጫህ እንደወትሮው ሳብ አድርገህ፣ ስታወጣው ብቻ ዝግ በልና ከሳብህበት ይልቅ አስረዝመው። አየር በሚወጣበት ጊዜ ቬገስ የተባለው ነርቭ የልብን ምት ያቀዘቅዛል፤ ጥቅሙ የሚገኘው ከማውጣቱ ነው። ቁጭ ብሎ መተንፈስ ጭራሽ የሚያስፈራህ ከሆነ ተወውና በእግርህ ሂድ። የጎንደር ዳገት ለዚህ የተመቸ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ወደ ቁስቋም ወይም ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በኩል ዝግ ብለህ ውጣ፤ እግርህ መሬት ሲነካ አስተውል። «ትወድቃለህ» የሚለው ሐሳብ ሲመጣ አታባርረው፤ አብሮህ ይራመድ። ጥቂት ቆይተህ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሄዶ ታገኘዋለህ፤ ተመልሶ ቢመጣም ያው እግርህን መከተልህን ቀጥል።

ስለ ቡናው ሳልነግርህ ባልፍ ግን ሐቀኛ አልሆንም። በብዙ ሰው አካል ውስጥ የካፌይን ግማሹ ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት የጠጣኸው ቡና ግማሹ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገና በደምህ ውስጥ አለ ማለት ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ደግሞ ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰል አነቃቂ ነው፤ ልብን ያፈጥናል፤ እንቅልፍን ይከለክላል፤ ኃይሉ ሲያልቅም ድብርት ጥሎ ይሄዳል። ሁለቱንም ይዘህ ዘና ለማለት መታገል ልፋት ነው። ጫቱን ተው፤ ቡናውን ከምሳ በፊት ጨርስ። የልብ ምቱ በዕረፍት ጊዜም የሚቀጥል ከሆነ የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግርም እንዲህ ያደርጋሉና የተማሪዎች ክሊኒክ ሄደህ ተመርመር።

«የቤተሰብህን ተስፋ ትቀብራለህ» ስለሚለው ቃል፣ ለገንዘብ ተቀባይዋ እህታችን የተጻፈውን አንብበህ በራስህ ደብተር ላይ ሞክረው። አንድ ጥያቄ ግን ልጨምርልህ፤ አባትህ ይህን ቃል አንድ ቀን እንኳ ተናግሮህ ያውቃል? ብዙ ጊዜ የምንፈራው ሰዎች ያሉንን ሳይሆን ይሉናል ብለን ያሰብነውን ነው። ለበዓል ወደ ቤት ስትሄድ ስለ ትምህርቱ ክብደት በግልጽ ንገረው፤ የገበሬ ልጅ እንደመሆንህ አዝመራ ሁልጊዜ እንደማይሰምር አባትህ ካንተ ይልቅ ያውቃል።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። በልጅነቴ በአታ አቋቋም ተምሬያለሁ፤ ዛሬም ዳዊቴን ሳልደግም አልውልም። በዘመኑ መጽሔትና በሬዲዮ «ራስህን ውደድ፤ ራስህን አትውቀስ» ሲባል እሰማለሁ። እኛ የተማርነው ግን ሰው ኀጢአቱን ዐውቆ ራሱን እንዲወቅስ ነው። ራሱን የማይወቅስ ትውልድ መቼ ይታረማል? እናንተ የምትጽፉት ነገር ንስሐን የሚያስቀር አይሆንምን?

መልስ፦ አባታችን፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ በከፊልም እስማማለሁ። ጥፋቱ የማይከፋው ሰው ለጎረቤቱም ለራሱም አደገኛ ነው፤ «ራስህን ውደድ» የሚለው ስብከትም አንዳንድ ጊዜ ኃላፊነትን መሸሻ ሲሆን አይቻለሁ። ነገር ግን እርስዎ የተማሩት ንስሐ ደብዳቤ ጸሐፊዋ ከሚደርስባት ዘለፋ ጋር አንድ አይመስለኝም። ንስሐ ድርጊትን በስሙ ይጠራል፤ ይህን አደረግሁ ይባላል። ለንስሐ አባት ይነገራል፤ ቀኖና ይሰጣል፤ ቀኖናው ይፈጸማል፤ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይባላል፤ ያበቃል። የውስጥ ዘለፋው ግን ድርጊትን አይጠራም፤ ሰውየውን «የማትረባ» ብሎ ይሰይመዋል። ለማንም አይነገርም፤ በድብቅ ይኖራል፤ ካሣ አይቀበልም፤ መጨረሻም የለውም። በአንድ ቀን ስሕተት ዓመት ሙሉ የሚቀጣ የንስሐ አባት ያለ አይመስለኝም።

በሥነ ልቦናውም ዘርፍ ይህ ልዩነት በሰፊው ተጠንቷል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ጁን ታንግኒና ባልደረቦቿ ለብዙ ዓመታት በሠሯቸው ጥናቶች፣ «ክፉ ሥራ ሠራሁ» ብሎ የሚጸጸት ሰው ይቅርታ ወደ መጠየቅና ወደ መካስ እንደሚያዘነብል፣ «እኔ ክፉ ነኝ» ብሎ የሚያፍር ሰው ግን ወደ መደበቅ፣ ጥፋቱን በሌላው ላይ ወደ ማላከክና ወደ ቁጣ እንደሚያዘነብል አሳይተዋል። ይህን እርስዎም በክፍል ውስጥ ሳያዩት አልቀሩም። «ይህ መስመር ተሳስቷል» የተባለ ተማሪ ደብተሩን አርሞ ያመጣል፤ «ደደብ» የተባለው ደብተሩን ይሸሽጋል። እንግዲህ እኛ የምንለው ወቀሳ ይቅር ሳይሆን፣ ወቀሳ በድርጊቱ ላይ ይዋል፤ ሲታረምም ያብቃ ነው።

ዳዊት እንደሚደግሙ ስለነገሩን አንድ ነገር ላስታውስዎ። ዳዊት በመዝሙሩ ነፍሱን ለምን እንደምታዝንና ለምን እንደምታውከው ይጠይቃታል፤ ተስፋም እንድታደርግ ይነግራታል። አይዘልፋትም፤ የምትለውንም ሁሉ ዝም ብሎ አይቀበልም። ለጸሐፊዋ የመከርኩት ደብተር ከዚያ የራቀ አይመስለኝም፤ ከተሳሳትሁ እርስዎ ያርሙኝ።

ጥያቄ፦ አዘዞ የምኖር እናት ነኝ። የ10 ዓመት ልጄ ሒሳብ ስትሠራ እርሳሷን ትወረውርና «እኔ ደደብ ነኝ» ትላለች። «ኧረ ጎበዝ ነሽ የኔ ልጅ» ብላትም ታለቅሳለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የሶቪየቱ የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ የውስጥ ንግግር ከሰዎች ጋር ከሚደረገው ንግግር እንደሚወለድ አስተምሯል። ሕፃን አስቀድሞ ከሌሎች ይሰማል፤ ቀጥሎ ሲጫወት ጮክ ብሎ ለራሱ ይናገራል፤ ቆይቶ ንግግሩ ወደ ልቡ ይገባል። በእርስዎ ልጅ ዘንድ ቃሉ ገና በአፍ ስለሚነገር ሊሰሙት ችለዋል፤ ይህ መልካም አጋጣሚ ነው። «ጎበዝ ነሽ» ብለው አይከራከሯት፤ የጨነቃት ነገር እንዳልተሰማላት ትቆጥረዋለች። «የቱ ጋ ነው ያስቸገረሽ? አሳዪኝ» ይበሏትና ከጣቷ ሥር ያለውን ቁጥር አብረው ይዩ። ሁለት ጥያቄ ከሠራችም «ይህን በመደመር ጀመርሽው፤ ጥሩ ነው» ብለው የሠራችውን ነገር በስሙ ይጥሩላት። በቤት ውስጥም ታላላቆቿ ሲቀልዱ ወይም እርስዎ ራስዎ ሽሮው ሲያርርብዎ ምን እንደሚባል ለጥቂት ቀን ያዳምጡ፤ «ኧረ እኔስ ደንዝዣለሁ» ማለት የለመደች እናት «እሳቱ በዝቶ ነው፤ ልቀንሰው» ማለትን ብትጀምር ልጅ ትሰማለች።

ከዚህ ጋር ዐይኗን ያስመርምሩ። ሰሌዳው የማይታያት ወይም በደንብ የማይሰማት ልጅ ትምህርቱ ያመለጣት በእውቀት ማነስ ይመስላታል፤ ለማንም ላትነግርም ትችላለች። አስተማሪዋንም ክፍል ውስጥ የት እንደምትቀመጥ፣ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ስትገለብጥ ቁጥር ትዘልል እንደሆነ፣ ሒሳብ ያስቸገራትም ከየትኛው ምዕራፍ ጀምሮ እንደሆነ ይጠይቋት።